ለካታሎግ የቀረበ ሰላምታ

ከሁሉ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እኔ «እሺ» የምለው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለች አሳደገችኝ፤ እኔም ሺውን ሳላየው እሺውን ብቻ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መምህሩ «እስቲ ይህን ሰሌዳ ላይ ወጥቶ...» ሲሉ እኔ ቆሜአለሁ። መልሱን እንደማላውቀው ትዝ የሚለኝ ሰሌዳው ፊት ከደረስኩ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሊኖረው አይገባም። እኔ ግን አለኝ።

ጎረቤቶቻችን ጋሽ ቶሎሳና ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ናቸው። ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት በገባሁ ማግስት እትዬ አስቴር በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ መቼም የምትማሪው ኮምፒውተር ነው፤ የጋሽ ቶሎሳን ሱቅ...» አሉኝ።

«እሺ!» አልኳቸው።

የቀረውን ዓረፍተ ነገር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። የቀረው ዓረፍተ ነገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ጋሽ ቶሎሳን አዳማ መናኸሪያ የረገጠ ሰው ሁሉ ባያውቃቸው እንኳ ሰምቷቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ተራ አስከባሪ ነበሩ። «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! ሁለት ሰው የቀረው ሻሸመኔ!» ሲሉ ድምፃቸው የመናኸሪያውን አጥር አልፎ ይሄዳል። ሁለት ሰው ቀረ የሚባለው ውሸት መሆኑን እያወቀ እንኳ ሮጦ የማይገባ መንገደኛ አልነበረም። በኋላ ያንን ሥራ ትተው ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ፍላሽ፣ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ፤ ዋናው ሥራቸው ግን ስልክና ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራም መጫን ነው። ኔትወርክ ሲያንቀላፋ፣ ወይም ሰው ዳታው ሲሳሳበት፣ ወደ እሳቸው ይመጣል። አንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ በነጻ የሚታደል ፕሮግራም ሁሉ ተሰብስቦበታል። ደንበኛው ከበር ላይ ይጠይቃል፣ እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ በዚያ የመናኸሪያ ድምፅ ይመልሳሉ፣ ፍላሹ ይሞላል።

እንግዲህ የታመመው ይህ ድምፅ ነው። ጉሮሯቸው ውስጥ እባጭ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ሐኪሙም ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል እንዳይወጣቸው አዘዘ። ሹክሹክታም ቢሆን። ጉሮሮ መጥረግም ቢሆን። ከተናገሩ ቁስሉ ይከፈታል፤ ድምፃቸው በዚያው ይቀራል። እትዬ አስቴር ይህን ሲነግሩኝ ጋሽ ቶሎሳ አጠገባቸው ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ዝም ብለው አይቻቸው አላውቅም። ድምፁ የተዘጋበት ቴሌቪዥን ይመስሉ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሱቁን ለጊዜው ቢዘጉትስ እትዬ?» አልኩ።

«ዘግቶ ቤት ቢውል ከእኔ ጋር ነው የሚውለው» አሉ እትዬ አስቴር። «ከእኔ ጋር ውሎ ሳይመልስልኝ የሚቀር ይመስልሻል? በግማሽ ቀን ጉሮሮው ይበጠሳል!»

«እሺ፣ ዝም ብለው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው ቢጭኑስ?»

«ሞክረናል። እጁ ማውዙን ሲነካ አፉ ይከፈታል፤ ሁለቱ በአንድ ገመድ ነው የታሰሩት። ትናንት አንዱ መጥቶ ሲጠይቀው ግማሽ ቃል አምልጦት በውኃ ነው የመለስኩት። ስለዚህ ከዚያ ወንበር ከልክዬዋለሁ። አንቺ ብቻ፣ ሰው እሱን ሳይጠይቅ የሚፈልገውን የሚያገኝበት ነገር ሥሪልኝ። ዲስኩ ውስጥ ካታሎግ አለ ብሎኛል፤ ሲናገር ሳለ።»

«ሲናገር ሳለ» ያሉት «በሕይወት ሳለ» በሚባልበት ድምፅ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው፣ «ኢንተላ ኮ፣ አደራ» ብለው ጻፉልኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ተብሎ አደራ የተጣለበት ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይላል? እኔማ ቀድሜ ብያለሁ።

ካታሎጉን ከፈትኩት። ካታሎግ ሲባል የጠበቅሁት የቤት ዕቃ መደብሮች የሚያድሉትን ዓይነት ነበር፤ ሥዕል፣ ከሥሩ ስም፣ ከስሙ ሥር ሁለት መስመር ምስጋና። ይህኛው ግን አንድ ፋይል ነው። ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ፣ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ፕሮግራም የተደረደረበት። መጨረሻውን ለማየት የወደ ታች ቀስት ቁልፏ ላይ አንድ ከባድ ቻርጀር አስደግፌ ቤት ሄጄ ምሳ በላሁ። ስመለስ ዝርዝሩ ገና ከእንግሊዝኛው «ኤፍ» አልወጣም።

ስሞቹንማ አትጠይቁኝ። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ለልጆቻቸው ስም ሲያወጡ ምክር የሚሰጥ አያት አጠገባቸው የለም መሰለኝ። አንዱ የእባብ ስም አለው፤ እባብ ግን የለበትም። ሌላው በዓሣ ስም ይጠራል፤ ሥራው ድምፅ መቅዳት ነው። መግለጫቸው ደግሞ ይብሳል፦ «ይህ ጥቅል፣ ያኛው ጥቅል እንዲሠራ ለሚያስፈልገው ጥቅል የሚያስፈልግ ጥቅል ነው።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለቅሶ ቤት ውስጥ «የአጎቴ ሚስት ወንድም አማች ነው» ብለው ሲያስተዋውቋችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ታልፋላችሁ እንጂ መልሳችሁ አትጠይቁም አይደል? እኔም ነቅንቄ አለፍኩ።

ቢሆንም ሥራውን በሥርዓት ነው የያዝኩት። አንድ የፕሮግራም አጻጻፍ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ማስታወሻዬንም በሦስት ቀለም ነው የምጽፈው። ፋይሉን አስተውዬ ሳየው ቀላል ሕግ ያለው መሰለኝ። በየመስመሩ መጀመሪያ ስም፣ ምድብ፣ መግለጫ የሚል መለያ አለ፤ ከመለያው ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ መረጃው። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ባየበት ሁሉ የሚቆርጥ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ግራው መለያ፣ ቀኙ መረጃ። ዘጠኝ ሺውን በአንድ ትንፋሽ ዋጠው! ጋሽ ቶሎሳን በደስታ ጠራኋቸው፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን አነሡልኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁለት ነጥብ ለካ መግለጫው መሐልም አለ። ሰዓት ውስጥ አለ። የድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ አለ። እኔ ሁሉንም ቆራርጬዋለሁ። «ምሳሌ» የሚባል ምድብ ተፈጥሯል። «ማስጠንቀቂያ» የሚባል ምድብ ተፈጥሯል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ምን እንደሚያስጠነቅቅ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ረጅም መግለጫ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲሻገር ደግሞ እንደ አዲስ ፕሮግራም ቆጥሬዋለሁ። በዚህ ምክንያት «ነገር ግን» የሚባል ፕሮግራም ነበረን፤ «ከዚህም በተጨማሪ» የሚባልም ነበረን። ጋሽ ቶሎሳ ዝርዝሩን በጽሞና አንብበው ደብተራቸው ላይ፣ «ነገር ግን ለስልክ ነው ለላፕቶፕ?» ብለው ጻፉ።

ከልባቸው ነው የጠየቁት። እኔም ከልቤ ፈለግሁላቸው።

ይህን ማስተካከል ሁለት ቀን ወሰደ። ከዚያ ምድቦቹን ወደ አማርኛ መለስኩ፦ ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ድምፅ፣ መገልገያ፣ ልዩ ልዩ። ግማሹ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ገባ፤ ከ«ልዩ ልዩ» የተረፈው «ሌሎች» ውስጥ ገባ። በ«ልዩ ልዩ» እና በ«ሌሎች» መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ እትዬ አስቴር ሲጠይቁኝ ረጅም መልስ ሰጠሁ፤ መልሱን ስጨርስ ራሴም ግራ ገብቶኝ ነበር። በመጨረሻ ከየመግለጫው ዋና ዋናውን ቃል አውጥቼ፣ መዝገበ ቃላት አስደግፌ፣ ቁልፍ ቃል አድርጌ አስገባሁ። ይህን ሁሉ አንድ አሮጌ ታብሌት ላይ ጫንኩና ባንኮኒው ላይ አቆምኩት። መሐሉ ላይ የመፈለጊያ ሳጥን፣ ከሳጥኑ በላይ «የሚፈልጉትን እዚህ ይጻፉ»። ከጎኑ ደግሞ በካርቶን ማስታወቂያ ለጠፍን፦ «ጋሽ ቶሎሳ በሐኪም ትእዛዝ አይናገሩም።» ጋሽ ቶሎሳ ከሥሩ ያንኑ በቁቤ ጨመሩበት።

የመጀመሪያው ደንበኛ ጋሽ ከድር ነበሩ። በሞጆና በሞያሌ መካከል የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የጋሽ ቶሎሳ የመናኸሪያ ዘመን ጓደኛ ናቸው። ገና ከበር፣ «ቶሌ! አሰላሙ አለይኩም! አከም ጅርታ! እንዴት ነህ ባክህ!» እያሉ ገቡ። ጋሽ ቶሎሳ ተነሥተው ጨበጧቸው፤ ወደ ጉሮሯቸው ጠቆሙ፣ ቀጥሎ ወደ ታብሌቱ ጠቆሙ። ጋሽ ከድር ማስታወቂያውን አነበቡ፣ «አላህ ያሽርህ ወንድሜ» አሉ፣ ታብሌቱ ፊት ተቀምጠው በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜአለሁ። ጻፉ፣ ጻፉ። የአንድ ፕሮግራም ስም እንዲህ አይረዝምም ብዬ ሳስብ ጨርሰው ፈልግ የሚለውን ነኩት። የጻፉት ይህ ነበር፦

«አሰላሙ አለይኩም እንዴት ናችሁ ጤና ነው ልጆች ደህና ናቸው ወይ ዝናቡስ እንዴት ነው እናንተ ጋ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ»

ታብሌቱ ጥቂት አሰበ። ከዚያ በቀይ ፊደል፣ «ምንም አልተገኘም» ብሎ መለሰ።

ጋሽ ከድር ወደ እኔ ዞሩ። «ሰላም ብዬው እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚጽፉት።»

«የምፈልገውንማ ሰላም ሳልል እንዴት አድርጌ እጠይቃለሁ? ሰላምታ የአላህ ነው ልጄ! እኔ ከብት ነኝ፣ ገብቼ ዝም ብዬ ግርግም የምፈልግ?» ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ቶሌ፣ ጤንነትህን ብጠይቅህ ምንም አልተገኘም ነው የምትለኝ?»

ጋሽ ቶሎሳ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ አስቴር ከስልክ ሽፋኖቹ መካከል ዘለው መዳፋቸውን የባላቸው አፍ ላይ ለጠፉ። ሽፋኖቹ ረገፉ። ጋሽ ከድር ፊታቸውን አጥቁረው ወጡ። በማግስቱ መናኸሪያው ውስጥ «ቶሎሳ ማሽን አምጥቶ ሰላምታ አስቆመ» ተብሎ ሲወራ ዋለ።

የሚጻፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ነገር ሠርቼ ነበርና የቀኑን አየሁት። ሰላምታ ነው። ከላይ እስከ ታች ሰላምታ። አንዱ ስለ አቧራው አማርሯል። አንዷ ሠርግ የምትቀርጽ ልጅ «እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ» ብላለች። አንዱ «አለህ?» ብሎ ጽፎ፣ ምንም አልተገኘም ተብሎ፣ እንደገና «አለህ ወይ?» ብሎ ጽፏል። እኔ ደግሞ ኮርሱ ላይ ስለዚህ ነገር ምንም አልተማርኩም። ሰው ሳጥን ሲያይ የሚፈልገውን ይጽፋል ነው የተባልነው።

ስለዚህ በማስተዋል አንድ መፍትሔ አገኘሁ፤ ፕሮግራሙ የሰላምታ ቃላትን ለይቶ ይጣል፣ በቀረው ይፈልግ። መጣል ቀላል ይመስላል። እንዴት አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ፤ ዋልክ፣ ዋልሽ፣ ዋሉ፤ አመሸህ፣ ሰነበትክ፣ ከረምክ፤ ከዚያ የኦሮምኛው፣ ከዚያ የሙስሊሙ፣ ከዚያ ጌታ ይባርክሽ የሚለው፣ ከዚያ «ጠፋህ» የሚለው። ደብተሬ አለቀ። በማግስቱ በኩራት ጫንኩት። አንድ የትራንዚት ሠራተኛ ገብቶ «እንደምን ዋላችሁ ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሜ ሰላምታውን ጣለ። የቀረ ነገር የለም። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ደግሞ ካታሎጉ ሁሉንም ያመጣል፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለአንዲት ጤና ይስጥልኝ ዘጠኝ ሺህ ፕሮግራም ተዘረገፈ። ሰውየው በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ አነበበ፣ አነበበ፣ ከዚያ በትሕትና፣ «አይ፣ ለሰላምታ ነበር» ብሎኝ ወጣ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሰው ሰላምታውን ጽፎ መልስ ነው የሚጠብቀው። ጉዳዩን የሚያነሣው መልስ ካገኘ በኋላ ነው። እንግዲያው ማሽኑ ይመልስ! ለመጀመሪያው መልእክት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» እንዲል አደረግሁት፤ አሰላሙ ላለው ወአለይኩም ሰላም፣ አከም ጅርታ ላለው ፈያ።

ሰው ወደደው። በጣም ወደደው። ችግሩ ይህ ነው። ማንም ወደ ጉዳዩ አይመጣም። ታብሌቱ ፊት ተቀምጦ ያወራል፤ ከኋላው ሰልፍ ይሠራል። ማሽኑ የሚያውቀው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መልእክት ቀጥታ ካታሎጉ ውስጥ ይገባል። አንዲት የሰፈራችን ትልቅ ሴት፣ እማማ በለጡ፣ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ይዘው መጡ። ሰላም አሉ፣ ተመለሰላቸው፣ ፊታቸው ፈካ። ቀጥለው «የቶሎሳ ልጆችስ?» ብለው ጻፉ።

ካታሎጉ ውስጥ ለልጆች የተዘጋጁ ብዙ ጨዋታዎች አሉ። ማሽኑም መለሰ፦ «64 ተገኝተዋል።»

እማማ በለጡ መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እትዬ አስቴር ዞሩ። እትዬ አስቴር ሦስት ልጅ ነው የወለዱት።

«አስቱ» አሉ እማማ በለጡ፣ «አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?»

«ምኑን እማማ?»

«ስልሳ አራት ነው የሚለው።»

እትዬ አስቴር ታብሌቱን አዩ። ከዚያ ባላቸውን አዩ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ሃያ ዓመት መናኸሪያ የዋለ ሰው፣ ሻሸመኔ፣ ዝዋይ፣ ሞጆ ወዳጅ ያለው ሰው፣ በዚህ ወንጀል ተከሶ መናገር አይችልም። ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን አወራጩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ጣት አሳዩ። አፋቸው ተከፈተ፣ ደረታቸው በአየር ተሞላ፤ ይህን ጊዜ አፋቸውን የሚይዝላቸው ሰው የለም፣ የሚይዙላቸው እትዬ አስቴር እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መልስ እየጠበቁ ነው። እኔ በመሐል ገብቼ «ጨዋታ ነው! ጨዋታ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ይህም አላማረም። «ምኑ ነው ጨዋታው?» አሉ እትዬ አስቴር። ስልሳ አራቱንም ጨዋታ አንድ በአንድ ከፍቼ እስካሳያቸው ድረስ ጋሽ ቶሎሳ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆመው ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል ጋሽ ከድር ተመልሰው መጡ። አላህን ፈርተው ነው እንጂ እኛን ፈልገው እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። መኪናቸውን ውጭ አቁመዋል፤ ጭነታቸው ተጭኗል፤ ዛሬውኑ ወደ ሞያሌ ይወጣሉ። ስልካቸው ተበላሽቶ አዲስ ገዝተዋልና በፊት የነበረቻቸውን፣ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ የምታሳየውን ፕሮግራም ይፈልጋሉ። ሰላምታ ጻፉ። ወአለይኩም ሰላም ተባሉ። ትንሽ ለስለስ አሉ። ቀጥለው «የመንገድ ካርታ» ብለው ጻፉ። እኔ በሆዴ እልል አልኩ፤ በዚህ ሱቅ ታሪክ የመጀመሪያው ትክክለኛ ቁልፍ ቃል ነው!

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ውጤት መጣ። መጀመሪያ ላይ የከዋክብት ካርታ። ቀጥሎ የጨረቃ ካርታ። ቀጥሎ የአንጎል ካርታ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ከድር፣ «እኔ ሞያሌ ነው የማራግፈው። ጨረቃ ላይ ማን ይረከበኛል?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉ...»

«ተይው። ሻሸመኔ ላይ የሚጭን ሌላ ልጅ አለ አሉ፤ እሱ አፍ አለው።» ተነሡ። በር ላይ ደርሰው ዞሩ። «ቶሌ፣ እንዲህ መሆንህን ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ደህና ሁን።»

ጋሽ ቶሎሳ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዓይናቸው ቀላ። እትዬ አስቴር ከጓዳ ናቸው። የጋሽ ቶሎሳ አፍ ተከፈተ፣ የጉሮሯቸው ጅማት ሲገተር አየሁት፤ «ኸ» የምትል ትንፋሽ ወጣች፤ ከ«ኸ» ቀጥሎ የሚመጣው «ከድር» ነው፤ ከ«ከድር» ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪሙ የተናገረው ነው።

«ዝም!» አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። ትልቅ ሰው ባለበት ጎንበስ ብዬ የማልፍ ልጅ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ «ዝም!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ከድር በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ጋሽ ቶሎሳ አፋቸውን ገጠሙ። እኔ ደግሞ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩ ግን ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፕሮግራሙን ስም ብቻ ይጻፉልኝ።»

ጻፉ፦ «ስሟን አላውቀውም። አረንጓዴዋ ናት።»

«ሾፌር ሲመጣ የሚሰጡት እሷን ነው?»

ነቀነቁ። «ለሌላውስ? ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጡትን ሁሉ ይጻፉልኝ።»

ተቀምጠው ጻፉ። ለሾፌር አረንጓዴዋ። ለሠርግ ቀራጭ መቀስ ያለባት። ለትራንዚት ሠራተኛ ወረቀት ፎቶ አንሥታ የምታስተካክለው። ስልኩ ለሞላበት መጥረጊያዋ። ልጁ ትምህርት አልገባ ላለው ወላጅ፣ ቁጥር የምታስተምረው። እንዲህ እያለ አሥራ አራት መስመር ሆነ። ገጹን ገልጬ ሰጠኋቸው። «የቀረውስ ጋሼ? ዘጠኝ ሺው?»

ጋሽ ቶሎሳ ጋሽ ከድርን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እትዬ አስቴር አለመኖራቸውን አረጋገጡ፣ ከዚያ በትንንሽ ፊደል ጻፉ፦ «ከፍቼው አላውቅም።»

አዳማ ውስጥ ቤት በቁጥር ፈልጎ ያገኘ ሰው አላውቅም። ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር፣ የእገሌ እናት ቤት ብላችሁ ነው የምትደርሱት። እኔ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ለዘጠኝ ሺህ ቤት ቁጥር ስለጥፍ ነበር የከረምኩት፤ ያውም ሰው በማይኖርበት። ልስቅ ወይ ልናደድ አላወቅሁም። ለጋሽ ከድር አረንጓዴዋን ጫንኩላቸው። እሳቸውም ጓደኛቸውን በዝምታ አቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ ተሳስመው ወጡ።

ከዚያ ካታሎጉን እንደገና ሠራሁት። ማሽኑ ሰላምታ ይመልሳል፤ ቀጥሎ «ሥራዎ ምንድን ነው? ምን ገጠመዎት?» ይላል፤ ከሥሩ አሥራ አራት ሥዕል። ዘጠኝ ሺው ከጀርባ ነው፤ እኔ ብቻ አንዳንዴ እየገባሁ እጎበኘዋለሁ። ሱቁ ሠራ። በትክክል ለምን እንደሠራ መምህሬ ቢጠይቁኝ በሦስት ቀለም ላስረዳ እችላለሁ፤ እኔ ግን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ሦስቱ ሳምንት አለቀ። ጋሽ ቶሎሳ ሐኪም ቤት ሄደው ሲመለሱ ሱቁ ውስጥ ተሰብስበን ጠበቅናቸው። ቁስሉ ድኗል፤ ድምፃቸው አለ። ሐኪሙ ግን ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይናገሩ አስጠንቅቋል። እትዬ አስቴር ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት ቆጣሪውን አዘጋጁ። ጋሽ ቶሎሳ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በሩ ላይ የመኪና ጥሩንባ ተሰማና ጋሽ ከድር ገቡ፤ ከሞያሌ መመለሳቸው ነው።

«ቶሌ! አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም ከድር!»

ድምፁ ወጣ። ቀጠን ብሏል፣ ትንሽ ይሻክራል፤ ግን እሱው ነው። እትዬ አስቴር በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለቱ ጓደኛሞች ጀመሩ። እንዴት ከረምክ፣ አንተስ፣ ጉሮሮህ፣ ጀርባህ፣ መኪናዋ፣ የያቤሎ ዝናብ፣ ከብቱ፣ የከድር ልጆች በየስማቸው፣ የቶሎሳ ልጆች በየስማቸው፣ የሞተ፣ የወለደ፣ ያገባ...

«አሥር!» አሉ እትዬ አስቴር፣ መዳፋቸውም ከቃላቸው ጋር እኩል ደረሰ።

ጋሽ ቶሎሳ በዓረፍተ ነገር መሐል ተዘጉ። ጋሽ ከድር ቅር አላላቸውም። ወንበር ስበው ታብሌቱ ፊት ተቀመጡና ያለ ምንም ሰላምታ በአንድ ጣት፣ «ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል» ብለው ጻፉ። ማሽኑም እንዳስተማርኩት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አላቸው።

ጋሽ ከድር ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሱን ከባለቤቱ ጋር ጨርሻለሁ በይልኝ።»